ድምፅ የሌለው ዲናሞ

የማስቲሽ ሽታ ያናድደኛል። ሌላውን ሰው ሽታ ሆዱን ያባባዋል፣ የናቱን ጓዳ ያስታውሰዋል፤ እኔን ግን ያናድደኛል። ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ስንወርድ ሞጆ መግቢያ ላይ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳ። ጎሚስታው ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ጎማ፣ አውጥቶ ፋቀና ያንን ሙጫ በጣቱ ሲቀባው ሽታው በመስኮት ገባ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ፊቴን አይታ «አመመሽ እንዴ እህቴ?» አለችኝ። «አላመመኝም፤ ተናድጄ ነው» አልኳት። በጎማው የተናደድኩ መስሏት «ምን ይደረግ፣ መንገድ ነው» ብላ አጽናናችኝ።

ስለ መንገዱ አልነበረም። ያ ሽታ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩበትን ዓመት ይዞብኝ ይመጣል። ያን ዓመት ደግሞ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

አባቴ ከወለንጪቲ አምጥቶ ናዝሬት እህቱ ዘንድ የተወኝ «የከተማ ትምህርት ይሻላታል» ብሎ ነው። አክስቴ እትዬ አስካለ ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ብስክሌት ያከራያሉ፣ ይጠግናሉ። ሙያው የባላቸው ነበር። ባላቸው ሲሞቱ ዘመድ ሁሉ «ሱቁን ሽጪና ጠላ ጥመቂ» ቢላቸው፣ እሳቸው የሟቹን ሰማያዊ ቱታ በቀሚሳቸው ላይ ደርበው፣ ካቻቢቴውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ናዝሬት ሜዳ ናት፤ ሕፃን አዋቂው ብስክሌት ይነዳል፤ ሥራ አይጠፋም። ቁጡ ነበሩ። ብስክሌት ያጋጨ ልጅ ገና ከመታጠፊያው ጀምሮ እያለቀሰ ነበር የሚመጣው። እኔም እፈራቸዋለሁ። አንድም ቀን «አንቺ» ብያቸው አላውቅም።

አብሯቸው የሚሠራው ጀማል ነው። ጀማል የጎረቤታችን የእማማ ዘሃራ አንድ ልጅ ነው። እማማ ዘሃራ ከወሎ መጥተው ናዝሬት የከረሙ፣ ከደጃፋቸው ቆሎ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ጀማል አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ። ጣቶቹ በማስቲሽ እንደተጣበቁ ነው የሚውሉት። የጎማ ሽቦ መወጠር ያስተማረኝ እሱ ነው። ቸርኬውን፣ ያን ክብ ብረት፣ ጆሮዬ አጠገብ ይይዝና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ እየመታ «ስሚው» ይለኛል። «በደንብ የተወጠረው እንደ ክራር ይጮሃል። የላላው እንደ ሰነፍ ተማሪ ዝም ይላል።» ገና መንፈቅ ሳይሞላ ከሱ እኩል መወጠር ቻልኩ። ትምህርት ቤት አንደኛ ብወጣ እንደዚያ አልኮራም ነበር።

በዚያን ጊዜ መብራት ያለው ብስክሌት በሰፈራችን ጥቂት ነው። ያለውም ዲናሞው ከፊት ጎማው ጎን ታስሮ፣ ጫፉ ጎማውን እየታከከ የሚሽከረከር ዓይነት ነው። ብርሃን ይሰጣል፤ ግን ይጮሃል። ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ተርብ ዝዝዝ ይላል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ብስክሌት ላይ እንዲህ ያለ ዲናሞ ነበር። የሰውየውን ስም አልጽፍም። አንቱም አልለውም።

አመሻሽ ላይ ያ ዝዝዝ ከመስጊዱ ማዶ ሲሰማ ጀማል የያዘውን መፍቻ ይጥላል። «ሆዴን!» ይልና በጓሮ በኩል ወደ ሽንት ቤቱ ይሮጣል። ሊቀመንበሩ አልፎ እስኪሄድ አይመለስም። የሰፈሩ ሌሎች ጎረምሶችም በየጓሯቸው ይጠፋሉ። እኔ ግን ያየሁት የጀማልን ሆድ ብቻ ነው። ምስኪን፣ ምን በልቶ ይሆን እላለሁ። አንድ ቀን ፌጦ ወቅጬ፣ ሎሚ ጨምቄበት፣ በኩባያ ይዤለት ሄድኩ። ከሽንት ቤቱ ኋላ፣ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት።

«ምንድን ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ለሆድህ።»

እጁን አፉ ላይ አድርጎ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀ። ከዚያ ፌጦውን ግጥም አድርጎ ጠጣው፤ ፊቱ ተጨማደደ። «አላህ ይስጥሽ፣ አድነሽኛል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ።

የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ በየቀበሌው የተጀመረበት ሰሞን ነበር። ቀበሌው የሚያቀርበው የወጣት ቁጥር ከላይ ይታዘዝለታል፤ በምዝገባ ካልሞላ በአፈሳ ይሞላል። ይህን ትልልቆቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። እኔ ፊት ግን አይወራም። ስገባ ወሬው ይቆማል፣ ወይም ወደ በርበሬ ዋጋ ይዞራል። የልጅ አፍ አይታመንም ይባላል። እስከ ዛሬ ከሚያንገበግቡኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ በእግሩ መጣ። ጀማል ደግነቱ ዕቃ ሊገዛ ገበያ ወጥቶ ነበር። ከሊቀመንበሩ ኋላ አንድ ጠባቂ የብስክሌት የፊት ጎማ ተሸክሟል። ከተወረሰ የፈረንጅ ቤት ወጥቶ ቀበሌው መጋዘን ውስጥ የተጣለ አሮጌ ጎማ ነው፤ ቸርኬው ዝጎ ተቆልምሟል። መሐሉ ላይ ያለው ብረት ግን፣ ሽቦዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት፣ ከሌላው ብስክሌት ይለያል። የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን የሚያህል፣ ወፍራም ነው።

«ዲናሞው እዚህ ውስጥ ነው አሉኝ» አለ ሊቀመንበሩ፣ ወፍራሙን ብረት በጣቱ እየነካ። «ጎማ አይታከክም አሉ። እውነት ነው?»

«እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አሉ እትዬ አስካለ።

«ከውስጥ ስለሆነ አይጮህም አሉኝ።»

«እንጃ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አይጮህም» አለ ፈገግ ብሎ። «ያሁኑ ጩኸት ሕዝቡን እየረበሸ ነው። ብስክሌቴን እልክልሻለሁ፤ አዲስ ቸርኬ ላይ ወጥሪልኝና ከመብራቱ ጋር አገናኚልኝ።»

ለሕዝብ ጆሮ የሚያስብ ደግ ሰው! እኔ ያሰብኩት ይህንን ነው።

ጀማል ሲመለስ እትዬ አስካለ «አንተ ይህን አትነካም» አሉት። ጀማል ጎማውን አየው፣ እሳቸውን አየ፣ ወደ ሥራው ዞረ። ከዚያ በኋላ የማይገባኝ ነገር ጀመሩ። «ሽቦ የለኝም» ብለው ወደ ቀበሌ ላኩ፤ በማግስቱ ሽቦ መጣ። «ቸርኬው ልኩ አይደለም» አሉ፤ ሌላ ቸርኬ መጣ። መወጠር ሲጀምሩ ደግሞ ያ ሁሉ ሙያቸው ጠፋ። ሽቦውን ያለቦታው ይሰኩታል፣ ያፈርሱታል፣ መልሰው ያለቦታው ይሰኩታል። «እትዬ፣ ይኼኛው እኮ በላይ ነው የሚያልፈው» አልኳቸው። ያንኑ ሽቦ መልሰው ያለቦታው ሰኩት። ውሃ ሊቀዱ ሲነሱ ተቀምጬ ሁሉንም ወጠርኩት። ሲመለሱ ቸርኬው ሳይወላገድ ይሽከረከራል። ጄሪካናቸውን እንደያዙ ቆመው አዩኝ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በልጅ መበለጣቸው አሳፍሯቸዋል ብዬ አዘንኩላቸው።

ከወፍራሙ ብረት ጎን ሁለት ትንንሽ መያዣዎች አሉ። ከዚያ ሁለት ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ገመዶች ተነስተው፣ ጎማውን በያዘው ብረት ላይ ሽቅብ ተጠምጥመው መብራቱ ውስጥ ይገባሉ።

«እትዬ፣ ሳይታከክ እንዴት ነው የሚያበራው?»

«ውስጡ ማግኔት አለ፤ ከጎማው ጋር ይዞራል። መሐሉ ላይ የመዳብ ክር ጥቅል አለ፤ እሱ አይዞርም። ባሌ አንድ ጊዜ ሠርቶታል።»

«ታዲያ ለሊቀመንበሩ አላውቅም አላሉትም?»

«ዝም በይ» አሉኝ።

ገመዶቹን አሰርኩ፤ ጫፋቸውን በናስትሮ ጠቀለልኩ። የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ጎማውን በመዳፌ ገፋሁት። አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ። ደግሜ በኃይል ስገፋው ቦግ አለ። በቆርቆሮው ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉት የብስክሌት ካቴናዎች ጥላ እየተወዛወዘ ተሳለ። ድምፅ የለውም። ምንም። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ነገር የሠራሁ አልመሰለኝም ነበር። ያንን ደስታ የነጠቁኝን ሰዎች ይቅር አልላቸውም።

ሊቀመንበሩ ሊወስድ በመጣ ቀን ብስክሌቱ ተገልብጦ ቆሞ ነበር። እትዬ አስካለ የፊት ጎማውን አሽከረከሩት። አልበራም። ደገሙት። አልበራም።

«እንደፈራሁት ነው» አሉ። «ማግኔቱ ሞቷል። ያረጀ ዕቃ ነው፣ መለዋወጫም የለው።»

የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ። እኔ ግን በዋዜማው ሲበራ አይቻለሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የጠቀለልኩት ናስትሮ ተልጦ፣ የሁለቱ ገመዶች ጫፍ ራቁቱን ተነካክቷል።

«አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። ገመዶቹን አለያየሁ፣ አዲስ ናስትሮ ጠቀለልኩ፣ ጎማውን ባለኝ ጉልበት መታሁት። መብራቱ ሊቀመንበሩ ደረት ላይ በራ።

«ወይ ጉድ! መሐንዲስ ነው እንዴ ቤትሽ ያስቀመጥሽው?» አለና ፀጉሬን ዳበሰኝ።

ብስክሌቱን ይዞ እንደወጣ እትዬ አስካለ በጥፊ መቱኝ። ከዚያ በፊት መትተውኝ አያውቁም።

«እጅሽን ምን አንቀለቀለው?»

«በራ እኮ እትዬ! አበራሁት እኮ!»

ፊታቸውን አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቅናት ነው አልኩ። ራቴን ሳልበላ ተኛሁ፣ በንዴት።

ናስትሮውን የላጡት እሳቸው ነበሩ። አንዲት ቃል ብቻ ቢነግሩኝ! «ብርቄ፣ ይህ መብራት እንዲበራ አንፈልግም» ቢሉኝ፣ ይህን ለመረዳት ስንተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል? ሽቦ ለመወጠር ያላነስኩ ልጅ፣ ምስጢር ለመያዝ ለምን አነስኩ? ሰዎች «ልጅ ነበርሽ፣ አታውቂም» ሲሉኝ ሊያጽናኑኝ ነው። እኔን ደግሞ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ ያላወቅሁት ስለደበቁኝ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ አመሻሽ ላይ ጀማል፣ እትዬ አስካለ «ሲመሽ ደጅ አትቀመጥ» ቢሉትም፣ ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከመነዳሪ ይለጥፋል። እኔ የማስቲሹን ቆርቆሮ ይዤለታለሁ። ሶደሬ ወስዶ ዋና ሊያስተምረኝ ቃል እየገባልኝ ነበር። «ውሃው ሙቅ ስለሆነ አያሰምጥም» ይለኛል፤ እኔም አምኜዋለሁ። የቀኑ ነፋስ በርዷል፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ዝዝዝ የለም። ድንገት ብርሃን ጀማል ጉልበት ላይ አረፈ። ቀና ስንል ሊቀመንበሩ ከብስክሌቱ እየወረደ ነው። ሁለት የታጠቁ ጠባቂዎች በጓሮ በኩል ዞረው ከኋላችን ቆመዋል።

ጀማል ብርሃኑን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። አልተቆጣኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እጁን በሱሪው ጠረገና «ብርቄ፣ ማስቲሹን ክደኚው፤ ይደርቃል» አለኝ።

እትዬ አስካለ ከውስጥ ሮጠው ወጡ። «ለናቱ አንድ ነው! ጓድ ሊቀመንበር፣ ለናቱ አንድ ነው!»

«እናት አገርም አንድ ናት» አለ እሱ።

እማማ ዘሃራ ሻሻቸው ወልቆ ሲደርሱ ልጃቸው ከመታጠፊያው አልፏል። አልጮኹም። የእትዬ አስካለን ሁለት ትከሻ ይዘው «አልሰማሁትም» ይላሉ። «ሁልጊዜ እሰማዋለሁ፣ ዛሬ አልሰማሁትም። አስካለ፣ ዲናሞው እኮ አልጮኸም!»

ያኔ ገባኝ። ቆርቆሮውን እንደያዝኩ፣ የጀማል ሆድ፣ የጓሮው ሩጫ፣ ያለቦታው የተሰካው ሽቦ፣ ጥፊው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ማስቲሹን አልከደንኩትም። ደረቀ።

ጀማል አልተመለሰም። ይህን እዚሁ ተናግሬ ልለፈው። ከሌሎች ጎረምሶች ጋር በጭነት መኪና ወሰዷቸው። ማሠልጠኛ ገባ ተባለ፣ ሰሜን ሄደ ተባለ፣ ከዚያ ምንም አልተባለም። ለእማማ ዘሃራ መርዶ እንኳ የነገራቸው የለም።

እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ መቅረት አይቻልም። ሊቀመንበሩ ብስክሌቱን አዳራሹ በር ላይ አስደግፎ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ እናት አገር ጥሪ ይናገራል። እትዬ አስካለ ቱታቸውን ለብሰው መጥተዋል። መሐል ላይ ተነስተው ወጡ። ወዲያው ከውጭ የብረት ድምፅ መጣ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በመስኮት አየሁ። ብስክሌቱን አጋድመው ያን ወፍራም ብረት በመዶሻ ይመታሉ። አይቸኩሉም። የወጠርኳቸው ሽቦዎች ጠዝ ጠዝ እያሉ ተበጠሱ፤ ብረቱ ተሰንጥቆ የመዳቡ ክር እንደ አንጀት ተዘረገፈ።

ሊቀመንበሩ ንግግሩን ጥሎ ሮጠ። «የሕዝብ ንብረት ነው!»

«የሕዝብ ልጅስ?» አሉ እትዬ አስካለ። መዶሻውን አላወረዱም።

ጠባቂዎቹ እጃቸውን ጠምዝዘው ወሰዷቸው። ከአዳራሹ አንድ ሰው አልተነሳም። ለመፈክር ግራ እጁን የሚያነሳ ሁሉ ጉልበቱን እያየ ተቀመጠ። ሁሉንም ጠላኋቸው፤ መምህሬን፣ ዳቦ ሻጩን፣ የንስሐ አባታችንን ሳይቀር።

ቀበሌው ጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አሰሯቸው። ሱቁ ታሸገ። እኔ እማማ ዘሃራ ቤት ገባሁ። ልጃቸው በተወሰደበት ሳምንት ለኔ መኝታ የሚያነጥፉ፣ ለእትዬ አስካለ ሽሮ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ቀን ቀን ምሳ እንወስዳለን። ዘበኛው በኦሮምኛ «አካም ጅርታ፣ ሃዳ ኮ?» ብሎ እንደ ናቱ ሰላም ይላቸውና ሳይፈትሽ ያሳልፈናል።

አንድ ቀን እማማ ዘሃራ ከዘበኛው ጋር ሲያወሩ በበሩ ስንጥቅ ጠጋ ብዬ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳቸው። «አንቺ» ማለቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አልመለስኩትም። «ናስትሮውን አንቺ ነሽ የላጥሽው። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልጅን ሲያስፈራሩት ይናገራል» አሉ ከጨለማው ውስጥ። «ቢጠይቁሽስ?»

«አልናገርም ነበር!»

«አሁን አውቄዋለሁ።»

«አሁን ምን ያደርጋል?»

«ምንም» አሉ። «ተቆጪኝ፣ ይገባኛል። ለሊቀመንበሩም ግን ቁጣ አስተርፊለት።»

እትዬ አስካለ ክረምቱ ሲገባ ተፈቱ። ሊቀመንበሩም ወደ አሮጌው ዲናሞው ተመለሰ። ያ ዝዝዝ እንደገና መጣ፤ የተረፉት ጎረምሶች እንደገና አጥር ዘለሉ። እማማ ዘሃራ ድምፁ ሲያልፍ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይይዙ ነበር።

እትዬ አስካለ ከመፈታታቸው በፊት ግን ምሳ ይዘን ስንሄድ በቀበሌው ሱቅ ስኳር መጥቶ አገኘን። ወንጂ አፍንጫችን ሥር እያለ ስኳር የምናገኘው በሰልፍ ነው። ሰልፉ ከሱቁ መስኮት እስከ አስፋልቱ ተዘርግቷል። ሊቀመንበሩ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ያስተናብራል። አየኝ።

«መሐንዲሷ!» ብሎ ጠራኝ። «ነይ፣ አንቺ በሰልፍ አትቆሚም።» ለሻጩ ምልክት ሰጠው። የወረቀት ከረጢት ሙሉ ስኳር እጄ ላይ አኖረልኝ። «አክስትሽ ብታበላሸውም ያንቺን ሥራ አልረሳነውም። ጎበዝ ልጅ ነሽ።»

ከረጢቱ ከበደኝ። ዘወር ስል እማማ ዘሃራ የምሳውን ሳህን በጨርቅ ቋጥረው ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ምንም የለም።

ከረጢቱን ገለበጥኩት። ስኳሩ እየተንሿሿ ወረደና አቧራው ላይ ተከመረ።

«አንሺው!» አለ ሊቀመንበሩ።

«አንተ አንሳው» አልኩት።

ከሰልፉ አንዲት ሴት አማተበች። ሊቀመንበሩ እጁን ሊሰነዝር አነሳና ሰልፉ ሁሉ እንደሚያየው ትዝ አለው። ወደ ሰዉ ዞረ። «ምን ትቆማላችሁ? ስኳር እኮ ነው! አንሱት!»

እዚያ ሰልፍ ውስጥ ለልጆቿ ያለ ስኳር ሻይ ማጠጣት የሰለቻት ስንት ሴት ነበረች። ማንም አልጎነበሰም። እነዚያው አዳራሽ ውስጥ ጉልበታቸውን ሲያዩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ስኳሩን ያያሉ፣ እሱን ያያሉ፣ አይጎነበሱም።

እማማ ዘሃራ ወደኔ መጡ። ክምሩን አልዞሩትም፤ በላዩ ረግጠው ነው ያለፉት። ጫማቸው ሥር ቅርጭጭ አለ። እጄን ያዙ።

«ነይ» አሉኝ፤ «የአክስትሽ ምሳ ይቀዘቅዛል።»